አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ሪሴፕሽን ለመስራት ለምታስቡ፦ ከሲቪ እስከ ዱቲ ማናጀር ያለው መንገድ

ሰሞኑን አንዲት የሰፈሬ ልጅ ሆቴል ማኔጅመንት ጨርሳ "ሪሴፕሽን ልግባ ወይስ ሌላ ነገር ልጠብቅ" ብላ ጠየቀችኝ፣ ቡና እየጠጣን ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን፣ ከዛ ለሷ ብቻ ከምነግራት ለምን አልጽፈውም ብዬ ነው። ቦሌ አካባቢ ባሉ ሆቴሎች ፍሮንት ኦፊስ (የእንግዳ መቀበያ ክፍል) ከገባሁ 9 አመቴ ነው፣ ከትሬይኒ ተነስቼ አሁን ዱቲ ማናጀር፣ ማለትም በሺፍቱ ላይ ሆቴሉን የሚመራ ሰው ነኝ። የምነግራችሁ ዴስኩ ላይ ቆሜ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ሪሴፕሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዩኒፎርም፣ ሜካፕ እና ፈገግታ ነው። ፈገግታው ያስፈልጋል፣ የግድ ነው። ግን በነዚ አመታት አጠገቤ ሆነው ሲያድጉ ያየኋቸው ልጆች ሁሉ ሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ፣ የሰሙትን እዛው ይጽፋሉ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ብር፣ ለእንግዳ የተገባ ቃል፣ ሁሉንም። "አልረሳውም" እያሉ በጭንቅላታቸው የሚሰሩት ደግሞ ጎበዝ ቢሆኑም አንድ ቀን የሰው ፍላይት ያስመልጣሉ። ከዚ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚው ላይ ነው ሚመጣው።

1. ከመግባታችሁ በፊት

ዲግሪ ከሌለኝ አልቀጠርም ብላችሁ አትጨነቁ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ውስጥ የፍሮንት ኦፊስ ትምህርት በደረጃ ይሰጣል፣ ጨርሳችሁ የሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ታልፋላችሁ፣ ያ ወረቀት ሆቴል በር ላይ ዋጋ አለው። ድሮ ሲቲቲአይ እያልን የምንጠራው አሁን ቱሪዝም ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለውም አለ፣ ከዛ የወጡ ሰዎች ከተማው ውስጥ ባሉ ትልልቅ ሆቴሎች በየዲፓርትመንቱ ስላሉ ስሙ ይታወቃል። ሌላ ነገር የተማራችሁም ብትሆኑ እንግሊዝኛችሁ ካልተንተባተበ እና ኮምፒውተር ላይ ከፈጠናችሁ ትገባላችሁ፣ እኔ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት እና እንደውም ሌሊት ሂሳብ መዝጋት ላይ በጣም ነው የጠቀመኝ።

ክፍት ቦታ በቴሌግራም የስራ ቻናሎች፣ በኢትዮጆብስ እና በሪፖርተር ጋዜጣ ይወጣል። ግን ሪሴፕሽን ላይ ሰው ድንገት ሲለቅ በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ይፈለጋል፣ ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠበቅም። ስለዚ ሲቪያችሁን ይዛችሁ በአካል ሂዱ። ሰዓት ምረጡ ደግሞ፣ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት እንግዳ ቼክ አውት ሚያደርግበት ስለሆነ ማንም አያናግራችሁም፣ ከሰዓት 9 ተኩል ገደማ ግን የጠዋቱ ሺፍት ለከሰዓቱ አስረክቦ ትንሽ ፋታ አለ። ለሰው ሀብት ቢሮ ብቻ ሰጥታችሁ አትመለሱ፣ "የፍሮንት ኦፊስ ማናጀሩን ሰላም ማለት እችላለሁ?" በሉ። አስተውሉ፣ እንዴት እንደገባችሁ፣ ለጥበቃው እንዴት ሰላም እንዳላችሁ፣ ዴስኩ ጋር ሰው ሲበዛ እንዴት እንደጠበቃችሁ እዛ የቆመችው ልጅ እያየች ነው፣ እና ማናጀሩ በኋላ ይጠይቃታል።

ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን። "ታታሪ፣ በቡድን መስራት የምወድ" የሚለውን ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ከዛ ይልቅ የሚችሉትን ቋንቋ በትክክለኛ ደረጃው፣ የነካችሁትን የሆቴል ሲስተም፣ ኦፔራ ይሁን ሌላ፣ አፓረንት (የተግባር ልምምድ) የወጣችሁበትን ሆቴል እና ስንት ክፍል እንዳለው ጻፉ። 40 ክፍል ያለው ሆቴል ከሰራ ሰው እና 200 ክፍል ካለው ከመጣ ሰው የሚጠበቀው ይለያያል።

ኢንተርቪው ላይ ብዙ ጊዜ ሮል ፕሌይ ያሰሯችኋል። "ቡኪንግ አለኝ ብሎ የመጣ እንግዳ ሲስተሙ ላይ ስሙ የለም፣ ምን ታደርጊያለሽ?" ይላሉ። ብዙው ሰው ይቅርታ ጠይቄ ማናጀር እጠራለሁ ይላል። ሚፈለገው ቅደም ተከተል ነው፦ እንግዳውን አስቀምጬ ውሃ አስመጣለታለሁ፣ ኮንፈርሜሽኑን እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፣ ስሙን በሌላ አጻጻፍ እፈልጋለሁ፣ በድርጅት ወይ በኤጀንት ስም ገብቶ እንደሆነ አያለሁ፣ ያለፈው ቀን ኖ ሾው (ቡኪንግ ይዘው ያልመጡ) ውስጥ እፈልጋለሁ፣ ከዛ ነው ወደ በላይ የምወስደው። ይሄን በእርጋታ የመለሰ ሰው ይቀጠራል።

2. ከመፈረማችሁ በፊት

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ሪሴፕሽን ብር ስለሚነካ ተያዥ ይጠየቃል። የተያዥ ወረቀቱ ላይ መጠኑ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ አንብቡ፣ ዋስ ለሚሆንላችሁ ዘመድም አስነብቡት፣ አጎታችሁ ምን ላይ እንደሚፈርም ሳያውቅ አይፈርም።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 ነው። እሱ ላይ ለሪሴፕሽን ሰው የግድ ማወቅ ያለበት፦ የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ስራ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዛ በላይ የሰራችሁት ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በእረፍት ቀናችሁ ከሆነ በ2፣ በህዝብ በአል ከሆነ በ2.5 ይባዛል። እዚጋ ሰው ሚሳሳተው፣ ሺፍታችሁ ሌሊት ስለሆነ ብቻ ትርፍ ሰዓት አይሆንም፣ ከመደበኛው ሰዓት ሲያልፍ ነው። የመጀመሪያ አመት አመት ፈቃድ 16 የስራ ቀን ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሰራተኛ ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሰራት አይቻልም፣ ይሄን ስንቷ ልጅ ሳታውቅ በ7 ወሯ ናይት ስትቆም አይቻለሁ እና እባካችሁ እርስ በርስ ተነጋገሩ።

ሰርቪስ ቻርጅን ጠይቁ። ሂሳብ ላይ የሚጨመረው 10 ፐርሰንት በየወሩ ለሰራተኛው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ በነጥብ ነው ወይስ እኩል፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ይደርሰዋል ወይ፣ ሁሉም ቤት የራሱ አሰራር አለው። አንዳንድ ወር ከደሞዝ ሊስተካከል ይችላል። ግን በህጉ እንደ ደሞዝ አይቆጠርም፣ ስለዚ ስትለቁ ሚሰላላችሁም ሆነ ጡረታችሁ በደሞዙ ነው። ደሞዙ ትንሽ ሆኖ "ሰርቪስ ቻርጁ ይክሳል" ካሏችሁ ይሄን አስቡት።

ትራንስፖርትም ጠይቁ። ከሰዓት ሺፍት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው ሚያልቀው። ሰርቪስ እስከ ቤታችሁ ያደርሳል ወይስ ዋና መንገድ ላይ ይጥላችኋል? ለሴት ልጅ ይሄ ጥያቄ ከደሞዙ እኩል ነው።

3. ሰዓት፣ ቀን እና ስም

እዚጋ በደንብ ነው የምቆየው፣ ምክንያቱም ከውጭ የመጡ የሆቴል መማሪያዎች ላይ አታገኙትም፣ ግን አዲስ አበባ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ችግር የሚፈጠረው እዚ ነው።

ስጀምር በሁለተኛው ወር ላይ አንዲት የድርጅት ጸሀፊ ደወለች፣ "ነገ 8 ሰዓት ላይ እንግዳችን ይደርሳል፣ መኪና ላኩለት" አለች። እኔ 8:00 ብዬ ጻፍኩ። ሹፌሩ አንብቦ ከቀኑ 8 ሰዓት ሄደ። ልጅቷ ለካ ቲኬቱ ላይ ያለውን እያነበበች ነበር፣ ማለትም ከጠዋቱ 2። ሰውየው የመጀመሪያ ጊዜው ነው ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ ኤርፖርት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ በራሱ ታክሲ መጣ። ተናዶ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም ብሎ ነው ፎርሙን የሞላው። ከዛን ቀን ጀምሮ "ጠዋት" "ከሰዓት" "ሌሊት" ሚል ቃል የሌለበት ሰዓት ጽፌ አላውቅም።

አሰራሩ እንዲ ነው። ሰው ሰዓት ሲነግራችሁ ደግማችሁ በሁለቱም በሉለት፣ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ 2 ኤኤም፣ ልክ ነኝ?" ሎግ ቡክ (የሺፍት መዝገብ) ላይም፣ ለሹፌሩ ሚሰጠው ወረቀት ላይም በሁለቱም ጻፉ። የፍላይት ቁጥር ካለ ተቀበሉ፣ የፍላይት ቁጥር አይሳሳትም፣ ቢዘገይም እያያችሁ ሹፌሩን ትነግሩታላችሁ።

ቀን ላይ ደግሞ "በ5 እገባለሁ" የሚል የሀገር ውስጥ እንግዳ አለ፣ ጥር 5 ነው ወይስ ጃንዋሪ 5? በመካከላቸው 8 ቀን አለ። የሳምንቱን ቀን ጨምሩ፣ "ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 13" በሉ። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም ካላንደር አንድ ስለሆነ ስህተት ካለ እዛው ይወጣል፣ "አይ እኔ ሰኞ ነው ያልኩት" ይላችኋል።

ከሁሉም የባሰው የሌሊት መግቢያ ነው። ቦሌ ላይ ፍላይት ሌሊቱን ሙሉ ነው ሚያርፈው። እንግዳው በ15 ከሌሊቱ 7 ተኩል ይደርሳል፣ ቡኪንጉን ከ15 ጀምሮ ያደርጋል። ለሆቴሉ ግን የ15 ክፍል ሚባለው ከ15 ከሰዓት ጀምሮ ያለው ነው፣ ያ ሌሊት የ14 ነው። እኛ በአማርኛ "ለ15 አጥቢያ" የምንለው ማለት ነው። ሰውየው ደክሞት ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ክፍል የለም። ስለዚ ሪዘርቬሽን ስትቀበሉ የመድረሻ ሰዓቱን መጠየቅ ግዴታ አድርጉት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ አስረዱት፣ "ያንን ሌሊት ለመተኛት ከ14 ጀምሮ መያዝ አለበት፣ የአንድ ሌሊት ሂሳብ ይጨምራል" በሉት። ቀድሞ የተነገረው ሰው አይናደድም። ሌላው ደግሞ ናይት ኦዲት (ሌሊት የእለቱ ሂሳብ ሚዘጋበት ስራ) እስኪያልቅ ድረስ ሲስተሙ ላይ ያለው ቀን ገና የትናንቱ ነው፣ ናይት ላይ ቼክ ኢን ስታደርጉ ይሄን ካላያችሁ ቀኑ ይዛነፋል።

ስም። ስሙ አበበ ከበደ ተሰማ የሆነ እንግዳ ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚገባው ተሰማ ነው። ሲስተሙ "ሚስተር ተሰማ" ብሎ ያወጣዋል። ሰውየው ግን ሲመጣ "አበበ ከበደ እባላለሁ" ነው ሚለው፣ በከበደ ብትፈልጉት የለም። እና ደግሞ በስልክ "እንኳን ደህና መጡ አቶ ተሰማ" ስትሉት አያቱን ነው የጠራችሁት። ሀበሻ ከሆነ በራሱ ስም፣ አቶ አበበ፣ ወይዘሮ እገሊት ነው። ፈረንጅ ከሆነ በመጨረሻው ስም። አጻጻፉም ችግር ነው፣ ፀጋዬ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ አንዱ በቲ ይጀምረዋል ሌላው በኤስ፣ ዮሐንስን አንዱ በዋይ አንዱ በጄ። የመጀመሪያ ሶስት ፊደል ብቻ አስገብታችሁ ፈልጉ፣ ካልሆነ በስልክ ቁጥር። ስልክ ቁጥር ሁሌም ተቀበሉ።

አንቱታውን በተመለከተ ለሁሉም አዋቂ እንግዳ በ"እርስዎ" ጀምሩ፣ በእድሜ እኩያችሁ ቢሆንም። "ኧረ አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ" ካለች በኋላ ትለውጣላችሁ፣ ከዛ በፊት አይሆንም። ትልልቅ ሰዎች "ልጄ" ካሏችሁ "አቤት ጋሼ"፣ "አቤት እትዬ" ብትሉ ቤታቸው የገቡ ያህል ነው ሚሰማቸው፣ ግን ይሄ ሚሰራው እነሱ ከጀመሩት ነው።

4. ቼክ ኢን በተግባር

ሺፍት ስትገቡ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ብር ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ ፍሎቱ (ካዝናው ውስጥ ለመልስ ሚቀመጠው ብር) ከጎደለ ያኔውኑ ይጻፍ። ሎግ ቡኩን ያለፉትን ሶስት ሺፍት አንብቡ። ሚገቡትን እንግዶች ዝርዝር አውጡ፣ ቪአይፒ፣ ግሩፕ፣ ማለዳ ሚደርስ ካለ ከሃውስ ኪፒንግ ጋር ተነጋገሩ።

እንግዳ በሩ ላይ ሲታይ ከስክሪኑ ቀና በሉ። ስልክ ላይም ብትሆኑ በአይን ሰላም በሉት። ከዛ ስም፣ መታወቂያ፣ ሲስተም ላይ ማግኘት። መታወቂያ ወይ ፓስፖርት ሳያሳይ ማንንም አታሳድሩ፣ የማናጀሩ ጓደኛ ቢሆንም፣ ሁለት ሰው ከሆኑ የሁለቱንም። ፖሊስ ሲመጣ ሚጠይቀው ያንን መዝገብ ነው፣ ፊርማውም የናንተ ነው። የመውጫ ቀኑን እና የክፍሉን አይነት ጮክ ብላችሁ አረጋግጡ። የክፍል ቁጥሩን ግን በጭራሽ ጮክ ብላችሁ አትናገሩ፣ የቁልፉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በጣት አሳዩ። ሎቢ ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ እንደሚሰማ አታውቁም፣ ብቻዋን የመጣች ሴት እንግዳ ከሆነች ደግሞ በጣም ነው ሚያስፈራው።

ቁርስ ሰዓት፣ ዋይፋይ፣ ሙቅ ውሃው ትንሽ ደቂቃ ከፈጀ እሱንም ተናገሩ። ረቡዕና አርብ ወይም አቢይ ጾም ከሆነ ለሀበሻ እንግዳ "የጾም ቁርስ አለን" ማለት ይበቃል፣ በረመዳን ደግሞ ሱሁር ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቃችሁ ለኪችን ከማታው አስታውቁ።

የአየር መንገድ ሌይኦቨር (በትራንዚት ሚያድር መንገደኛ) የሚቀበል ሆቴል ከገባችሁ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 40 ሰው በአንድ አውቶብስ ይመጣል፣ ህጻን ያቀፈ፣ ቋንቋ ማይገባባ፣ ቫውቸሩ የጠፋበት። መጀመሪያ ልጅ ያላቸውን እና ሽማግሌዎችን አሳልፉ፣ ማንም አይቃወምም። የሁሉንም የመነሻ ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ዌክ አፕ ኮሉን ከዛ ነው ምታወጡት። ደውላችሁ ካላነሱ ቤል ቦይ በር ያንኳኳ፣ "ደውያለሁ" ማለት ብቻ አያድናችሁም።

5. ብር

ዋጋ ስትናገሩ ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ የተካተተ መሆን አለመሆኑን ተናገሩ። ፕላስ ፕላስ ሚባለው ነገር፣ 100 ዶላር ካላችሁ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 110፣ በዛ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ሲጨመር 126.50 ነው። እንግዳው 100 ሰምቶ 126.50 ሲከፍል ተጭበረበርኩ ነው ሚለው፣ እውነቱንም ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ንገሩት። የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ቋሚ አይደለም፣ ስለዚ ጠዋት ሺፍት ሲጀመር የእለቱን ሬት ከፋይናንስ ተቀብላችሁ ጻፉ፣ ትናንት የሰማችሁትን አትጠቀሙ።

ቴሌብር እና የባንክ ትራንስፈር ላይ አንድ ህግ ብቻ አለ፣ ስክሪን ሾት ክፍያ አይደለም። ብሩ የሆቴሉ አካውንት መግባቱን ራሳችሁ ወይ ፋይናንስ ሳያይ "ተከፍሏል" ብላችሁ እንዳትዘጉ። የማውቃት ልጅ ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ጨዋ ንግግር ያለው ሰው የሶስት ሌሊት ሂሳብ በተሰራ ስክሪን ሾት አሳይቷት ሄዷል፣ እሷ ከፈለች። ስታረጋግጡ እንግዳው ቅር እንዳይለው "አንድ ደቂቃ፣ ደረሰኝዎን ላዘጋጅ" በሉ፣ ያቺ ደቂቃ ትበቃለች።

ብር ጎደለባችሁ እንበል። ከደሞዛችሁ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም፣ በህግ፣ በህብረት ስምምነት፣ በስራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በጽሁፍ ተስማምታችሁ መሆን አለበት፣ ቢቆረጥም በአንዴ ከወር ደሞዙ አንድ ሶስተኛ አያልፍም። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ ካሏችሁ አትፈርሙ። እኔ በአንድ ሆቴል ስሰራ የሁለት ሺፍት ጉድለት በኔ ላይ ሊደረግ ነበር፣ ያዳነኝ ስረከብ የጻፍኩት እና ያስረከበችኝ ልጅ የፈረመችበት አንድ መስመር ነው።

6. የተቆጣ እንግዳ፣ ሌሊት፣ ደህንነት

የተቆጣ ሰው እስኪጨርስ አታቋርጡት። ሲጨርስ የሰማችሁትን በአጭሩ ድገሙለት እና ሰዓት ያለው ቃል ስጡት። "እናየዋለን" አይባልም። "በ10 ደቂቃ ውስጥ ቴክኒሻኑ ክፍልዎ ይደርሳል፣ ራሴ እደውላለሁ" ይባላል፣ ጻፉት፣ በ10 ደቂቃ ደውሉ፣ ቴክኒሻኑ ባይደርስም ደውሉ። ውሃ ወይ መብራት መጥፋት የናንተ ጥፋት አይደለም፣ እንግዳው ግን ማን ተቆርቁሮለት እንደሮጠ ያያል።

ኦቨር ቡክ ከሆነ (ካለው ክፍል በላይ ቡኪንግ ከተያዘ) እና ሰው ወደ ሌላ ሆቴል ከተላከ የመኪናውን እና የዛን ሌሊት ሂሳብ ሆቴላችን መሸፈን አለበት፣ ዱቲ ማናጀሩን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። እንግዳውን በር ድረስ ሸኙት፣ በነጋታው ሲመለስ በስሙ ተቀበሉት።

"ወንድሙ ነኝ፣ ስንተኛ ክፍል ነው ያለው?" ለሚል ሰው መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ "ስምዎን ይንገሩኝ፣ ካለ ልደውልና ላሳውቅ"። እንግዳው እዚ መኖሩንም አለመኖሩንም አታረጋግጡ። ባል ነኝ ቢልም፣ ቢቆጣም፣ ብር ቢያወጣም። ይሄ ነገር ሰው ሊያስገድል ይችላል እና ቀልድ የለውም።

ለእናንተም ቢሆን እንግዳ ወይ አለቃ ድንበር ካለፈ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃል የግል ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ፣ ማን እንዳየም ጨምሩ። ጾታዊ ትንኮሳ በአዋጁ የተከለከለ ነው። ናይት ብቻችሁን ካላችሁ ከጥበቃው ጋር በየሰዓቱ ተገናኙ፣ ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ስልኩ አጠገብ ለጥፉት።

የከተማውንም ነገር እወቁ። መስከረም 16 የደመራ ለት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ የታላቁ ሩጫ እሁድ መንገድ ይዘጋል፣ የአፍሪካ ህብረት ስብሰባ የካቲት ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍልም አይገኝም መንገድም ይጨናነቃል። ፍላይት ያለውን እንግዳ ከዋዜማው ቀን "ነገ ቀደም ብለው ይውጡ" ብሎ መንገር የናንተ ስራ ነው።

7. ማደግ

የመጀመሪያ ስድስት ወር ስራውን ብቻ ልመዱ። ከዛ በኋላ ናይት ሺፍትን አትሽሹ። ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፣ እኔ ግን ሆቴል ምን እንደሆነ የገባኝ ናይት ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሬስቶራንቱ፣ የባሩ፣ የላውንደሪው ሂሳብ ሁሉ እዛ ነው ሚገጣጠመው። ስምንት ወር ናይት ሰርቼ ሱፐርቫይዘር ስሆን ከኔ ቀድመው የገቡ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ሪፖርቱን ማንበብ ስለማይችሉ ነው የቀሩት።

ቁጥሮቹ ከባድ አይደሉም። 80 ክፍል ያለው ሆቴል ዛሬ 60 ሸጠ፣ ኦኩፓንሲው 75 ፐርሰንት ነው። ከክፍል 300,000 ብር ከገባ ለ60 ሲካፈል 5,000 ብር፣ ኤዲአር ይባላል። ያንኑ 300,000 ለጠቅላላው 80 ክፍል ስታካፍሉት 3,750 ይመጣል፣ ሬቭፓር እሱ ነው። በየቀኑ ማታ የሆቴላችሁን እነዚን ሶስት ቁጥሮች ደብተር ላይ ጻፉ። በሶስት ወር ውስጥ የቱ ቀን እንደሚሞላ፣ የትኛው ኤጀንት በርካሽ እንደሚያመጣ፣ ዎክ ኢን (ያለ ቡኪንግ ሚመጣ እንግዳ) መቼ እንደሚበዛ ታያላችሁ፣ ማናጀሩ ስብሰባ ላይ ሲጠይቅ መልስ ያለው ሰው ትሆናላችሁ።

ከሪሴፕሽን ቀጥሎ ሲኒየር ወይ ሺፍት ሊደር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ዱቲ ማናጀር፣ ፍሮንት ኦፊስ ማናጀር፣ ከዛ ሩምስ ዲቪዥን (የክፍሎች ዘርፍ) ነው። በጎን ደግሞ ሪዘርቬሽን፣ ሴልስ፣ ጌስት ሪሌሽን አለ፣ ኤርላይን እና ትላልቅ ክሊኒኮችም ከሆቴል የወጣ ሰው ይወዳሉ። ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ለምሳሌ ከ1,000 በላይ ክፍል ያለው ስካይላይት አይነት ቦታ፣ ስልጠናው ጥሩ ነው ግን አንድ ስራ ላይ ብቻ ልትቆዩ ትችላላችሁ። ትንሽ ሆቴል ላይ ሁሉንም ትነካላችሁ። የኔ ምክር ትንሹ ላይ ጀምራችሁ ሁሉንም ልመዱ፣ ከዛ ወደ ትልቁ ሂዱ ነው።

ቋንቋ ጨምሩ፣ አንድ ብቻ፣ በደንብ። ፈረንሳይኛ ለአዲስ አበባ በጣም ይጠቅማል፣ የህብረቱ ስብሰባ፣ የጅቡቲ እና የምእራብ አፍሪካ መንገደኛ ሁሉ አለ፣ አሊያንስ ማታ ማታ መማር ይቻላል። አረብኛ የሚችል ደግሞ ዱባይ እና ዶሃ ላይ በር ይከፈትለታል። ወደዛ ምታስቡ ካላችሁ በህጋዊ መንገድ፣ ውሉን አንብባችሁ፣ የተጻፈው የስራ መደብ ሪሴፕሽኒስት መሆኑን አይታችሁ ሂዱ፣ በቪዚት ቪዛ ወጥታችሁ "እዛ ስትደርሱ ይስተካከላል" ሚል ሰው ላይ እምነት አትጣሉ።

እድገት ስትጠይቁ በባዶ እጅ አትግቡ። "ሁለት አመት ሰርቻለሁ" ማንንም አያሳምንም። እኔ የገባሁት በአንድ ወረቀት ነው፣ በስድስት ወር የመጡ ኮምፕሌኖችን (የእንግዳ ቅሬታዎችን) ከሎግ ቡኩ ቆጥሬ ብዙዎቹ ከፒክ አፕ (እንግዳን በመኪና መቀበያ) ሰዓት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳየሁ፣ ሁለቱንም ሰዓት ሚያስጽፍ ፎርም ሰርቼ ነበር፣ ከዛ በኋላ ያለውንም ቁጥር አስቀመጥኩ። ማናጀሬ ወረቀቱን ይዞት ቀረ፣ ፎርሙ አሁንም እየተሰራበት ነው።

እና ሆቴል ስትቀይሩ፣ በሰላምም ለቀቃችሁ በጸብ፣ የስራ ልምድ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። በህጉ አሰሪው በነጻ ሊሰጣችሁ ይገባል። ደብዳቤው ላይ የስራ መደቡ በትክክል መጻፉን እዩ፣ ሪሴፕሽኒስት ሆናችሁ ሰርታችሁ "ካሸር" ከተባለ እዛው አስተካክሉ፣ ሱፐርቫይዘር የሆናችሁበት ቀን ለብቻው ይጻፍ። ኦሪጅናሉን ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፣ ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ከሲኦሲው ጋር አስቀምጡ።